የጥቅሻዬ ሽማግሌዎች

ይህ የሆነው አምና፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ የሚያውቁኝ ሰዎች ነገሩን በየፊናቸው አውርተውታል፤ ግማሹ ውሸት ነው። እኔ ራሴ ካልጻፍኩት ውሸቱ ታሪኬ ሆኖ ይቀራል ብዬ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። በዚያ ላይ ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ዕድሜዬ አርባ አራት ነው። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ልጅ የለንም። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ደሴ እወጣለሁ። እናቴ የምትኖረው እዚያ፣ ታላቅ ወንድሜ እንድሪስ ቤት ነው። እግሯ ስለማይታዘዝላት ከቤት አትወጣም። ከእሷ ጋር አድሬ እሁድ ወደ ማታ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ።

ነገሩ የጀመረው በግራ ዓይኔ ቆብ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ ይርገበገብ ነበር። ሱቅ የሚመጣው ሁሉ "ዘመድ ልታዪ ነው" ይለኛል። እሺ ብዬ ጠበቅሁ። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። ይህ ዘመዴ ከመካ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?

በሦስተኛው ወር ዓይኔ ጭራሽ ጭፍን ማለት ጀመረ። አብሮ ግራ ጉንጬ ይሳባል፣ የከንፈሬ ጫፍም ወደ ላይ ይሰበሰባል። አያመኝም። ሳላስበው ይመጣና ሦስት አራት ጊዜ ጭምድድ አድርጎኝ ይሄዳል። ሲደክመኝና ስናደድ ይብስብኛል።

አገሩ ሁሉ ሐኪም መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አንዷ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ አሽታ ፊቴን ቀባችኝ። ሌላው "ዓይነ ጥላ ነው" አለ። አንዱ መምህር ነኝ ባይ ደግሞ ጨው ስለምታበዢ ነው አለኝ። የወንድሜ ሚስት ኩታበር ድረስ ወስዳኝ አንድ ቅጠል የሚያውቅ ሰው ጉንጬ ላይ ምን እንደሆነ የማላውቀውን ነገር ለጠፈብኝ። ቆዳዬ ተላጠ፤ ዓይኔ ግን ሥራውን አላቋረጠም። አንድ ክሊኒክም ገብቼ ነበር። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል የዓይን ጠብታ ጻፈልኝና "ኮምፒውተር ቀንሺ" ብሎ ሸኘኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እኛ ዘንድ ያልጠመጠመ የለም።

ከሱቄ ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የቆርቆሮና የቀለም መደብር አለ። ባለቤቱን ከማል ልበለው፤ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ሃምሳን ያለፈ፣ ሚስቱን የፈታ፣ መስታወት ባየ ቁጥር ፂሙን የሚያሻሽ ሰው ነው። የኮምፒውተሬ ጠረጴዛ ግድግዳውን ተደግፎ ስለተቀመጠ ግራ ጉንጬ ቀኑን ሙሉ ወደ እሱ መደብር ነው። ይህን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው።

ሰውዬው ድንገት በኮምቦልቻ ሙቀት ሙሉ ልብስ መልበስ ጀመረ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ሱቄ ይገባል። በየሁለት ቀኑ መታወቂያውን ኮፒ አድርጊልኝ ይላል። ያን ሁሉ የመታወቂያ ኮፒ የት እንደሚያደርሰው ይገርመኝ ነበር። "ሌላስ?" እለዋለሁ። "ሌላው በአላህ ነው" ይለኛል፣ ፈገግ ብሎ። ጅል ነው ብዬ አለፍኩት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

አንድ ቅዳሜ ደሴ ስደርስ ወንድሜ ሳሎን ብቻውን ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ አልመለሰም።

"ከማልን ታውቂዋለሽ?" አለኝ።

"ማዶ ለማዶ ነን።"

"ማዶ ለማዶ ሆናችሁ ምን ስትሠሩ ከረማችሁ?"

ነገሩ አልገባኝም። እሱ ቀጠለ። "ሽማግሌ ልኳል። ነገ ይመጣሉ። ሦስት ወር ሙሉ ስትጠቅሰኝ፣ በዓይኗ ስትጠራኝ ከርማለች ብሏል። ሰፈሩም አይቷል።"

ሳቄ መጣ። "ጋሼ፣ ዓይኔን እኮ ታውቀዋለህ። ሚስትህ አይደለች እንዴ ኩታበር የወሰደችኝ?"

"መርገብገብ ሌላ፣ ጥቅሻ ሌላ" አለኝ። "ጥቅሻ ለይቼ የማላውቅ መሰለሽ? በሽታሽን ሽፋን አድርገሽ ነው። ባል ካሰኘሽ ለእኔ መንገር ነበር። አሁንም ሁለት ምርጫ አለሽ። ወይ ታገቢዋለሽ፣ ወይ ዳግመኛ እዚህ ቤት አትመጪም። የአንቺን ስም ተሸክሜ መስጊድ አልገባም።"

በየሳምንቱ ይህን ፊቴን እያየ ከእኔ ጋር ማዕድ የሚቆርስ ሰው ነው ይህን የሚለኝ። ልመናም ክርክርም ሞከርኩ፤ አልሰማኝም። እዚያ ቤት አትመጪም ማለት እናቴን አታዪም ማለት ነው። እሱም ያውቀዋል። ለዚህም ነው ያለው።

በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ የሰፈሩ ሼህ ናቸው። ሁለተኛው የከማል አጎት ነው። ሦስተኛው ጋሽ አስፋው የሚባሉ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ የአጎትየው የድሮ ጎረቤት ሆነው ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ ነው የመጡት። እኚህ ለምሳው ነው የመጡት ብዬ በውስጤ አፌዝኩባቸው።

እኔና እናቴ ጓዳ ሆነን እንሰማለን። ሼሁ ለኸይር ነው የመጣነው ብለው ጀመሩ። አጎትየው ወዲያው ነጠቃቸው። "እንድሪስ፣ እኛ ለመንን እንጂ የጀመረችው ልጅቱ ናት። ወንድ ልጅ በዓይን ተጠርቶ ዝም ይበል?"

እዚያ ላይ መታገሥ አቃተኝ። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ወንድሜ ዓይኑን አፈጠጠ። እኔ ግን ፊቴን ወደ ሼሁ አድርጌ "ወላሂ ጠቅሼው አላውቅም!" አልኩ።

ይህን ስል ግራ ዓይኔ ጭፍን፣ ከንፈሬ ሰብሰብ አለ። አንዴ ቢሆን ደግ። ሦስት ጊዜ፣ በሼሁ ላይ።

ሼሁ "አስተግፊሩላህ" ብለው ወደ ምንጣፉ አቀረቀሩ። አጎትየው ጭኑን በጥፊ መታ። "ይኸው! ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?"

ወንድሜ ሊነሳ ሲል ጋሽ አስፋው እጃቸውን ዘረጉ። "ቆይ፣ ቆይ። ነይማ ልጄ፣ ወደ መስኮቱ ዙሪልኝ" አሉኝ። ዞርኩ። መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና ፊቴን አዩ። እስኪመጣ ጠበቁ። በዚያ ንዴት ላይ ብዙም አላስጠበቃቸውም።

"ቅንድቧን አያችሁት?" አሉ። "ዓይኗ ሲጨፈን ቅንድቧ ወደ ላይ ይነሳል። ሰው ሲጠቅስ ግን ቅንድቡ ይወርዳል እንጂ አይነሳም። እስቲ ሞክሩት። አንድ ዓይናችሁን ጭፍን አድርጉና የዚያኑ ዓይን ቅንድብ አንሱ።"

አጎትየው "ይሄማ ምን ይከብዳል" አለና ሞከረ። ቅንድቡ እምቢ ሲለው አፉ ተከፈተ። ወንድሜም ሞከረ። ሼሁ መጀመሪያ እንደማይፈልጉ ሆነው ቆዩና ቀስ ብለው እሳቸውም ጀመሩ። አጎትየው ወደ ወንድሜ ይጠቅሳል፣ ወንድሜ ወደ ሼሁ ይጠቅሳል፣ ሼሁ ቅንድባቸውን በጣታቸው ወደ ላይ ይገፋሉ። በመስኮት ያየ ሰው ማን ማንን ሊያገባ እንደመጣ ግራ ይገባው ነበር። እኔ በአንድ ጥቅሻ ስሜ ጠፍቶ፣ የተከበሩ ወንዶች እርስ በርስ ሲጠቃቀሱ ማንም ምንም አላለም።

"እንዳትደክሙ" አሉ ጋሽ አስፋው። "አይቻልም። ይሄ በሽታ ነው። ተኝታስ? አብሯት የሚያድር ሰው አለ?"

እናቴ ከጓዳ መለሰች። "እኔ ነኝ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያት የማድረው። ተኝታም ትጠቅሳለች።"

ሁሉም ወደ መጋረጃው ዞሩ። "ታዲያ ምነው ዝም አሉ?" አሏት ጋሽ አስፋው።

"በህልሟ ባሏን የምታይ መስሎኝ ነዋ" አለች እናቴ። "ሟች ናፍቋት ነው ብዬ ዝም አልኳት።"

በዚያ ሁሉ ቀን ያለቀስኩት ይህን ስሰማ ብቻ ነው።

ጋሽ አስፋው ነገሩን አስረዱ። ከጭንቅላት የሚወጣ ፊትን የሚያንቀሳቅስ ነርቭ አለ፤ ብዙ ጊዜ አንድ የደም ስር እየተጫነው ነው ፊት እንዲህ የሚሆነው አሉ። ምችም ዓይነ ጥላም እንዳልሆነ፣ የነርቭ ሐኪም ማየት እንዳለብኝ ነገሩን። ለካ በሽተኛ ሲያክሙ ኖረው፣ በጤና ድሬሰርነት ነው ጡረታ የወጡት።

አጎትየው ተቆጣ። "እርስዎ የመጡት ለኛ አይደለም እንዴ?"

"ለእናንተ ነው። እንዳታፍሩ ብዬ ነው" አሉት።

ወንድሜ እንዴት እንዳወቁ ሲጠይቃቸው "ሚስቴ ነበረባት" ብቻ ብለው መለሱለት። ከዚያ ምሳ ቀረበ፤ ሁሉም በሉ። አጎትየው ደግሞ ጨመረ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወንድሜ "አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አለኝ። ወዲያው ግን "እንዲህ ያለውን ነገር ማን ያውቃል" ብሎ አበላሸው። እኔ አውቃለሁ! ነገርኩህ እኮ! ከቦሩ ሜዳ የመጣ እንግዳ ሰው አንዴ ሲናገር የሰማ ጆሮ፣ እህቱ ስትናገር የት ሄዶ ነበር? አውፍ ብዬሃለሁ አልኩት፣ እናቴን ለማየት። ከልቤ አልነበረም፤ አሁንም አይደለም።

ደሴ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ የሰጠኝ ኪኒን ቀኑን ሙሉ እያስተኛኝ የሰው ወረቀት አገላብጬ ኮፒ አደርግ ጀመር። ከዚያ አዲስ አበባ ላከኝ። ጭንቅላቴ በኤም አር አይ ታየ፤ ሽማግሌው እንዳሉት የደም ስር ነው። በዓይኔ ዙሪያና በጉንጬ ላይ በቀጭን መርፌ መድኃኒት ወጉኝ። በሳምንቱ ፊቴ ጸጥ አለ። ሦስት አራት ወር ይቆይና ሲለቅ እንደገና እወጋለሁ። ቀዶ ሕክምናም አለው ብለውኛል፤ ገና አልወሰንኩም።

ከማል መጀመሪያ "በሽታ ነው ቢሉም እኔን ስታይ ነው የሚነሳባት" ሲል ከረመ። ከመርፌው በኋላ ደግሞ "ተቀየመችኝ፣ ዓይኗን ነሳችኝ" እያለ ነው አሉ። ሙሉ ልብሱን ግን አውልቋል።

ከመርፌው በኋላ ስኳርና ብርቱካን ይዤ ጋሽ አስፋውን ላመሰግን ቦሩ ሜዳ ሄድኩ። ግድግዳቸው ላይ የሚስታቸው ፎቶ አለ። አንድ ዓይኗ ጭፍን ብሎ፣ ቅንድቧ ወደ ላይ ተነስቷል።

"ፎቶ አንሺው ልድገመው ቢላት ከዚህ የተሻለ አይወጣልኝም አለችው" አሉኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። "ማንን ነው የምትጠቅሺው እያልኩ እመታት ነበር። ቀን በሽተኛ ሳክም እውላለሁ፤ ቤት ስገባ ግን ባል ነበርኩ። በኋላ አንድ ሐኪም በሌላ ታማሚ ፊት ላይ ቅንድቡን ሲያሳየን ነው የገባኝ።"

ላመሰግን ሄጄ ከአፌ የወጣው ሌላ ነበር። "ስንት ጊዜ መቷት?"

"አልቆጠርኩም" አሉኝ።

"ይቅርታ ጠየቋት?"

"ጠየቅኳት። 'ይሁን' አለችኝና ራቴን አቀረበችልኝ።"

ብርቱካኑን አስቀምጬ ወጣሁ። ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው፤ አልክድም። ግን እኔን ያዳነው እውቀት ለየትኛዋ ሴት ዘግይቶ እንደደረሰ ሳስብ ላመሰግናቸው አልችልም። ከዚህ ሁሉ ሰው አብልጬ የምንቀው ከማልን ነበር። አሁን አንድ በአንድ ሳስባቸው፣ ወንድሜን፣ አጎትየውን፣ ጠብታ የጻፈልኝን፣ ቅጠል የለጠፈብኝን፣ ጋሽ አስፋውንም ጭምር፣ ያ ጅል ቢያንስ ፊቴን ወዶት ነበር።