ሃያ ስምንት እጅ፣ አንድ ፊርማ

የወሰዱኝ ከቢሮ ነው። የመሬት ይዞታ ባለሙያ ነኝ፤ ጠረጴዛዬ ላይ የሁለት ወንድማማቾች የድንበር ክርክር ተዘርግቶ ነበር። «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አሉኝ። አምስቱ ደቂቃ ሰባት ወር ፈጀ።

ያስገቡን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። ማዳበሪያው ተነሥቶ ሽታው ቀርቷል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ አንሰማማም። ሠላሳ አንድ ነበርን። አብዛኞቻችን የመንግሥት ሠራተኞች ነን። ከመካከላችን አንድ ጡረታ የወጡ የዳንግላ መምህር ነበሩ፤ ስኳር አለባቸው። ልጃቸው በየጠዋቱ መድኃኒታቸውን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ዘበኛው ደስ ሲለው ያስገባላታል። በሩ ሥር ደግሞ ሦስት ወንድማማቾች ይተኛሉ፤ ከሰል አክሳዮች ናቸው። ከሰላቸውን ጭነው ለገበያ ሲሄዱ መንገድ ላይ የተለቀሙ ናቸው። እርስ በርስ የሚያወሩት በአገውኛ ስለሆነ ማንም ብዙ አያናግራቸውም።

በአሥረኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ የጠባቂዎቹ ኃላፊ መጣ። ወደ ውስጥ አልገባም፤ ሽታውን ጠልቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ዋናውን መንገድ በድንጋይ የዘጉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ውስጥ ናቸው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሦስት ስም ስጡኝ። ሌላው ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል። ካልሰጣችሁ ሁላችሁም ቆላ ወዳለው እስር ቤት ትወርዳላችሁ።»

«የማናውቅ ከሆነስ?» አለ አንዱ።

«እንግዲህ እወቁ» ብሎት ሄደ።

መንገዱን ማን እንደዘጋ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ያን ደግሞ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ሳወራ እስካሁን ፊቴን ያቃጥለኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፣ ይጸልይ ነበር፣ ቢያንስ ይደባደብ ነበር። እኛ ስብሰባ ጠራን።

አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበረ ሰው ማንም ሳይመርጠው ሰብሳቢ ሆነ። የምግብ ተራ የምንጽፍበትን ደብተር አንሥቶ ሰጠኝና ጸሐፊ አደረገኝ። እኔም እንደለመድኩት ቀን፣ ቦታ፣ «የተገኙ አባላት» ብዬ ጀመርኩ። «በፈቃድ የቀሩ» የሚለው ላይ ስደርስ «የሉም» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልሳቀም።

«ዝም ብሎ ስም መጥራት አድልዎ ያመጣል» አለ ሰብሳቢው። «በመጀመሪያ መስፈርት ይውጣ።»

መስፈርት ወጣ። ብዙ ልጅ ያለው ይቅር ተባለ። የታመመ ይቅር ተባለ። ሥራው ለሕዝብ የሚያስፈልግ ይቅር ተባለ። እያንዳንዱ የሚያወጣው መስፈርት ራሱን የሚያስቀር ነበር። እኔም «የሰው ፋይል በእጁ ያለ» የሚል አስገባሁ፤ ወዲያው ተመዘገበ፣ መዝጋቢው እኔው ነኛ።

በመጨረሻ መስፈርቱ ሁሉ ሄዶ ሄዶ በሩ ሥር፣ ሦስቱ ወንድማማቾች ላይ ቆመ። ጠያቂ የላቸውም፣ ደመወዝ የላቸውም፣ ስለ እነሱ ደብዳቤ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት የለም።

«ሦስት ለሃያ ስምንት ነው» አለ ሰብሳቢው። «ስሜት ውስጥ አንግባ። መምህሩ ቆላ ከወረዱ ሳምንት አይቆዩም። እነሱ ጤነኞች ናቸው፣ ይችሉታል። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።»

ሃያ ስምንት እጅ ወጣ። አንዱ የእኔ ነው። ቆጥሬ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ።

«አገውኛ አንተ ትችላለህ፤ ሂድና አስረዳቸው» አለኝ ሰብሳቢው።

እናቴ ያሳደገችኝ በአገውኛ ነው። ሄጄ ታላቅየው ፊት ቁጢጥ አልኩ። «አያ» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰምተናል» አለኝ። አማርኛ እንደማይሰሙ አድርገን ነበር ስንወያይ የቆየነው። «ሦስት ስም አይደል የሚፈልጉት? እነዚህን ተዋቸውና እኔን ሦስት ጊዜ ጻፈኝ።»

የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። አላሾፈም። ደብተሩ ላይ ጣቱን አድርጎ እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ እያለ ያሳየኛል። ታናናሾቹ እጁን ይዘው ይጎትቱታል።

ተመልሼ ስብሰባው መካከል ቆምኩና «ቃለ ጉባኤ ያለ ፊርማ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም በስሙ ትይዩ ይፈርም» አልኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ብቻዬን ልሸከመው አልፈለግሁም።

ደብተሩንና እስክሪብቶውን ዘረጋሁላቸው።

«የሰብሳቢው ብቻ ይበቃል» አለ አንዱ።

«የጸሐፊው ነው እንጂ» አለ ሰብሳቢው።

እስክሪብቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያወጡትን እጅ ነገ ማንም አያስታውሰውም፤ ፊርማ ግን ከፋይል ውስጥ ይወጣል፤ ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁሉም ተቀብሎ ለጎኑ እያቀበለ መምህሩ ጋ ደረሰ።

«እኔ እፈርማለሁ» አሉ። «ለብዙኃኑ ምናምን አትበሉኝ። መሞት ስለማልፈልግ ነው።»

ፈረሙ። ከዚያ ደብተሩን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ሌላ ፊርማ የለም። ቀና ብለው እኛን አዩን። ማንም ዓይናቸውን አላየም።

«ብቻዬን አልበላቸውም» አሉና ፊርማቸውን ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ሰረዙት።

«መምህር፣ ልጅዎን ያስቡ እንጂ» አለ ሰብሳቢው።

«አንተ አስብላትና ፈርም።»

አልፈረመም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኃላፊው ሲመጣ ስም የለም አልነው። ሁላችንንም አይሱዙ ላይ ጫኑን። ሰብሳቢው ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ «መምህሩ ከሞቱ የገደልካቸው አንተ ነህ» አለኝ።

አልሞቱም። ቆላ መድኃኒቱ አንድ ቀን ተገኝቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። እግራቸው ቆሰለ፣ ቁስሉ አልድን አለ፤ በመጨረሻ ከጉልበታቸው በታች ቆረጡት። ወንድማማቾቹ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ተፈቱ።

ሰብሳቢው ዛሬም ስብሰባ ይመራል። እንጅባራ ባጃጅ ውስጥ ድንገት ከገጠመኝ እኔ እወርዳለሁ። መምህሩ ቤት ግን በየበዓሉ እሄዳለሁ። አይወዱኝም፤ ይህንንም አይደብቁኝም። ባለፈው ልጃቸው ወንበር አቅርባልኝ እንደወጣች ጠየቁኝ።

«ዛሬ ቢሆን ታስፈርም ነበር?»

«አዎ፣ መምህር።»

«እኔ ዛሬ ቢሆን አልሰርዝም» አሉኝ። «ይህን አውቀህ ሂድ።»

አመንኳቸው። ሁለት እግር ይዤ ምን ልመልስላቸው?

ልጃቸው እስከ በሩ ሸኘችኝ። ወንድማማቾቹ በገበያ ቀን ከሰል ጭነው በመምህሩ ቤት ፊት እንደሚያልፉ የነገረችኝ ያኔ ነው። አባቷ ከማለዳ ጀምረው መስኮቱ ላይ ይቀመጣሉ አለችኝ። ሲያልፉ ድምፃቸውን አውጥተው ይቆጥሯቸዋል። ሦስት ከሞሉ መጋረጃውን ይዘጋሉ። እኔ ግን ከተፈታን ወዲህ ወንድማማቾቹን አንድም ቀን ቆሜ ሰላም ብያቸው አላውቅም።