እሳቱ ለእሱ ብቻ መስሎኝ

የልጄ ክርስትና ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ እውነቱን ልንገራችሁ... ሰው በእሳት ሲቀጣ ለማየት ጓጉቼ ነበር።

ሰውየው ደምሴ ይባላል። ከዘመሮ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን የግድግዳ ጎረቤታችን ነው። ወንድሜ ጌታነህ የጋራ የሣር መሬታችንን ጓሳን ሲጠብቅ፣ ሣር ማጨድ በተከለከለበት ወቅት ደምሴን እጅ ከፍንጅ ይዞ ለሽማግሌዎች አቀረበው። ተቀጣ። ቂሙን ቋጥሮ ከረመ። በኋላ የአንድ ገበሬ የገብስ ክምር ሲቃጠል፣ መሐል ሜዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ በእግዚአብሔር ስም ምሎ፣ «ጌታነህ ክብሪት ሲጭር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አለ። ወንድሜ ታሰረ። ልጄ ስትወለድ እንኳ አላያትም።

ያን ዕለት እኔም ልቆርብ ተዘጋጅቻለሁ። የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ማርያም ቀደም ብለው «ቂም የያዝሽበት ሰው አለ ልጄ?» ሲሉኝ «የለም አባ» ብያቸዋለሁ። ቂም ማለት እኮ ያለ ምክንያት ሲሆን ነው... የእኔ ምክንያት አለው።

ቅዳሴው ተጀምሮ ቀና ስል ደምሴን አየሁት። ነጠላውን መስቀለኛ ለብሶ፣ እንደ ጻድቅ አንገቱን ደፍቶ ከወንዶቹ መካከል ቆሟል። ደሜ ፈላ።

የሚቀድሱት አባ ወልደ ማርያም ነበሩ። እጃቸውን ታጥበው ወደ እኛ ዞሩና፣ ልቡ ያልነጻ፣ ቂም የያዘ ወደ ቁርባኑ እንዳይቀርብ፣ የመለኮት እሳት እንደሚበላው አስጠነቀቁ። እኔ ዓይኔን ከደምሴ ላይ አልነቀልኩም። «በሐሰት የማልክበት ጌታ ይኸውልህ!» አልኩ በሆዴ።

ወዲያው ደግሞ ሰምቶ እንዳይቀር ፈራሁ። ይቅረብ... ደፍሮ ይቅረብና እዚያው አመድ ይሁን! ጸሎቴ ይኼ ብቻ ሆነ። ለልጄ እንኳ አልጸለይኩም።

የቁርባኑ ሰዓት ደረሰ። ወንዶቹ በወንዶች በኩል፣ እኛም በእኛ በኩል ተሰለፍን። ደምሴ ተጠጋ። ተራው ሊደርስ ሲል ነጠላውን አፉ ላይ ጭኖ ከሰልፉ ወጣና ወደ ደጅ ሄደ።

አመለጠኝ!

እየተናደድኩ ዞር ስል ከፊቴ ያለችው የልጄ የክርስትና እናት ልጄን ታቅፋ ቀረበች። ልጄ ተቀበለች። ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው። አባ ቀና ብለው አዩኝ።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። ለደምሴ እሳት ይሁን ብዬ የለመንኩት እኮ ይኼው ነው። ለእሱ እሳት የሆነው፣ እኔ ተበድያለሁና ለእኔ ውኃ ሊሆንልኝ ነው? «የለም አባ» ብዬ የዋሸሁትስ?

ጎንበስ ብዬ ከሰልፉ ወጣሁ።

ደጅ ስወጣ ደምሴ የጽድ ዛፉ ሥር ተቀምጧል።

«አንቺም ሳትቀበዪ ወጣሽ?» አለኝ።

«በአንተ ምክንያት ነው!»

«እኔም በወንድምሽ ምክንያት ነው...» አለና መሬት መሬት እያየ «አየሁ ያልኩትን አላየሁም» አለኝ።

«ይኼንንማ እኔም አውቃለሁ! ለዳኛው ንገረው እንጂ!»

«ያስሩኛላ።»

«ይሰሩህ! ወንድሜ የተኛበት ወለል ላይ ተኛ!»

ጩኸቴን ሰምተው መሰለኝ ቅዳሴው እንዳለቀ አባ መጡ። ደምሴ እግራቸው ላይ ወድቆ ሁሉንም ተናዘዘ። «ስግደት ይስጡኝ አባቴ፣ ያሉኝን ያህል እሰግዳለሁ፤ ፍርድ ቤት ብቻ አይላኩኝ» ብሎ ለመናቸው።

አባ አልራሩለትም። «ስግደትህ የእስር ቤት በር አይከፍትም። እዚያ በሐሰት የጠራኸው ስም ዛሬ እዚህ ቅዱስ ቅዱስ ያልነው ስም ነው። መሐል ሜዳ ሲደርስ አይቀየርም። ሂድና መጀመሪያ ሰውየውን አስፈታው።»

እኔ ከጎን ሆኜ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሄደ። አልሄድም ይላል ብዬ ነበር፣ በማግስቱ በሚኒባስ መሐል ሜዳ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። ጉዳዩ እንደገና ታየና ከብዙ ምልልስ በኋላ ጌታነህ ተፈታ። ልጄን ታቅፎ ሲያለቅስ ቤቱ ሁሉ አለቀሰ። ደምሴ ደግሞ በሐሰት በመመስከሩ ታሰረ። ወሬውን የሰማሁ ዕለት በራችን ላይ ቆሜ እልልታዬን አቀለጥኩት። ሚስቱ ትሰማለች... ትስማ!

ከዚያ አባ ዘንድ ሄድኩ። ዋሽቻቸው እንደነበር ነገርኳቸውና «አሁንስ ልቁረብ?» አልኳቸው።

«ደምሴ ታሰረ ሲሉሽ ምን አደረግሽ?»

«እልል አልኩ።»

«እንግዲያው ቆዪ ልጄ።»

«ያጠፋው እሱ አይደለም እንዴ አባ?»

«እሱማ የታዘዘውን አደረገ። አንቺ ነሽ የቀረሽ።»

እንዴት እንደተናደድኩ! መስቀላቸውን ሳልሳለም ልወጣ ነበር።

ከሁሉ የባሰኝ ግን ወንድሜ ነው። ትናንት ጠዋት ተነስቶ «ለደምሴ ስንቅ ላደርስለት ነው፣ በሶ ፍጪልኝ» አይለኝ መሰላችሁ! የእስር ቤት ረሃብ ያውቀዋልና ነው አሉ። እሱ፣ የተበደለው ሰውዬ! በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ብዙ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ተነሳሁና ገብሱን ቆላሁ፤ ፈጭቼም አስረከብኩት።

ጨው ግን አልጨመርኩበትም... ለጊዜው የደረስኩት እስከዚህ ነው።