ቁልፍ ያዥዋና ባለፋኖሷ

ሌላው በጉልበቱ ሲያድር እኔ በጆሮዬ ነው የማድረው። ድምፅ ቀጂ ነኝ። የምሠራባት ክፍል ከአንድ ፍራሽ መሸጫ በላይ ናት፤ ግድግዳዋ ከሱቁ በተራረፈ ስፖንጅ ተለብጧል፣ መስኮቷ በሁለት ብርድ ልብስ ተጋርዷል። መሃል ላይ መስታወት አለ። ከመስታወቱ ወዲህ እኔና ማሽኖቼ፣ ወዲያ ደግሞ አንድ ማይክ፣ አንድ ትንሽ መብራትና አንድ ሰው። ከቀትር በኋላ ገብታችሁ በሩን ስትዘጉት ከተማው እንዳለ ይጠፋል። የገዛ ደማችሁ ሲሄድ መስማት ትጀምራላችሁ። አዲስ ሰው እዚህ ላይ ይፈራል፤ እኔ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚያ ዝምታ የተሻለ ማረፊያ አላገኘሁም። አንዳንዴ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄዶ ብቻዬን ስቀር ስፖንጁ ውስጥ የገባው ድምፅ ሁሉ ቀስ እያለ የሚወጣ ይመስለኛል።

ሥራችን ከውጭ የመጣ ተከታታይ ፊልም በእኛ ቋንቋ እንዲናገር ማድረግ ነው። ፊልሙ ውስጥ አርባ ሰው ቢኖር እኛ ስድስት ነን። ስለዚህ ጠዋት ዳኛ የነበረው ከሰዓት ሌባ ይሆናል። ሰው ሲጎድል እኔ ራሴ ፈረስ ሆኜ አውቃለሁ፤ አልዋሽም፣ ጥሩ ፈረስ ነበርኩ።

ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ሹክሹክታ ነው። ሹክሹክታ ያልናት ከማይክ ውጭ ድምፅ ስለማታወጣ ነው። ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ መናኸሪያ በድምፅ ማጉያ "መንገደኞች፣ ሻንጣችሁን እንዳትረሱ" ስትል ታረፍዳለች፤ ከሰዓት እኛ ጋ ትመጣለች፤ በተረፈው ጊዜ ጉሮሮዋን ትቆጥበዋለች። ሻይ ስታዝ እንኳ አስተናጋጁ ጆሮውን አፏ ድረስ ያመጣል። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን ናት፤ ሙቀትም ሆነ ብርድ ሻርፕ ከአንገቷ አይጠፋም። ማይክ ፊት ከመቆሟ በፊት ጫማዋን ታወልቅና በካልሲ ትቆማለች፤ ጫማ ሲጥ ሲጥ ይላል ትላለች። ከዚያ ዓይኗን ትጨፍንና ሌላ ሰው ትሆናለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል፤ የዚህችስ ጉሮሮዋ ነው ዥንጉርጉር።

ያን ዓመት የያዝነው ፊልም ስለ አንድ ሐይቅ ዳር ቤት ነበር። በዚያ ፊልም ውስጥ የሞተ ሰው ወዲያው አይሄድም፤ ጭጋግ ውስጥ መንገድ ይጠፋበታል። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ፋኖስ ይዛ እየዞረች የጠፉትን ትለቅምና ወደ ቤቱ ታደርሳቸዋለች። እዚያ የሚወዷቸው ሰዎች ተቀምጠው ይጠብቋቸዋል። በሩን ግን የምትጠብቀው አንዲት ጥቁር ለባሽ ሴትዮ ናት፤ ቁልፉ ወገቧ ላይ ነው። ልጅቷ ሰዎቹን በር ላይ ስታደርስ ሴትዮዋ "ዛሬ አይቻልም" ትላለች። ለምን እንደማይቻል አትናገርም። ሰዎቹ ተመልሰው ጭጋጉ ውስጥ ይገባሉ፤ የፋኖሷም ብርሃን እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ይጠፋል።

ከተማው በዚህ ፊልም አበደ። ባለፋኖሷን የማይወድ፣ ቁልፍ ያዥዋን የማይጠላ ሰው አልነበረም። እኔም ሥራ ጨርሼ ወደ ቤቴ ስሄድ ከመንገድ መብራቶቹ ሥር አንዲት ልጅ የቆመች እየመሰለኝ ዞር እል ነበር። ሁለቱም፣ የተወደደችውም የተጠላችውም፣ ሹክሹክታ ነበረች። ለልጅቷ የሰጠቻት የራሷን ድምፅ ነው፣ ትንሽ አቅጥና፤ ለሴትዮዋ ግን ደረቅ ያለ፣ የቃሉን መጨረሻ ረገጥ የሚያደርግ ድምፅ አበጀችላት።

ይህን ከእኛ ከስድስታችን በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሹክሹክታ ለማንም እንዳንናገር አስምላናለች። አንድ ቀን ፍራሽ ሻጩ ደረጃው ሥር አስቆመን።

"ያቺ ባለፋኖስ ልጅ እኮ አንጀቴን በላችው" አለ። "ምናለ ልጄ ብትሆን!"

ሹክሹክታ ፈገግ አለች።

"ያቺ ቁልፍ ያዥ ግን፣ ባገኛት እዚህ ፍራሽ ውስጥ ጠቅልዬ ነው የምሰፋት! ደግሞ ያ ጉሮሮ አጠራረጓ! 'እህም' ስትል ደሜ ይፈላል። አንቺስ፣ እህቴ፣ አትጠያትም?"

"እጠላታለሁ" አለችው በጆሮው። "ከማንም በላይ።"

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ያ "እህም" ከየት እንደመጣ ስጠይቃት ከርሜያለሁና። ዋናው ፊልም ላይ ሴትዮዋ ጉሮሮዋን አትጠርግም። ሹክሹክታ ናት የጨመረችው። ስጠይቃት "ለሴትዮዋ ይሄድላታል ብዬ ነው" ትለኛለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እውነቱን የነገረችኝ አንድ ዝናባማ ከሰዓት ላይ ነው። ጣሪያችን ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ከጣለ ሥራ የለም። መብራቱን ቀንሰን ወለሉ ላይ ስፖንጅ አንጥፈን ተቀመጥን። ስክሪኑ ላይ ባለፋኖሷ በሩ ፊት እንደቆመች ቀርታለች። ዝናቡ ክፍሏን ከነእኛ ወደ አንድ ቦታ ይዟት የሚሄድ ይመስል ነበር። እንደዚያ ባይሆን ኖሮ የምትነግረኝም አይመስለኝም።

እናቷ በማሽን የተማሪ ሹራብ የሚሠሩ ሴት ናቸው። ትእዛዝ ሊሰጡ ሲሉ ሁልጊዜ አስቀድመው "እህም" ይላሉ። ሹክሹክታ ትንሽ ልጅ ሳለች የእሳቸውን ድምፅ አስመስላ ትምህርት ቤት ደወለች። "እህም። ልጄን አሟታል፤ ዛሬ አትመጣም።" ተያዘች። እናቷ አንድ ሰዓት ሙሉ ከተቆጧት በኋላ በሩን ዘጉና "እስቲ ድገሚው" አሏት። ደገመችው። እናትና ልጅ የሹራብ ክምር ላይ ወድቀው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

አባቷ ሲታመሙ እሷ ሌላ ከተማ የመጨረሻ ፈተናዋን እየተፈተነች ነበር። በደወለች ቁጥር እናቷ "ደህና ነው፤ ተኝቷል" ይሏታል። ጨርሳ ስትመጣ አባቷ ከተቀበሩ አራት ቀን ሆኗቸዋል። ከበሩ እንኳ አላለፈችም። "አንቺ ነሽ በሩን የዘጋሽብኝ" አለች እናቷን። "አባቴን አንዲት ቃል ሳልለው!" ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። ይኸው ስድስት ዓመት። የእናቷ ቤት ከመናኸሪያው የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ እሷ ግን በዚያ ላለማለፍ ዙሪያውን ትሄዳለች።

"ፊልሙን ያያሉ?" አልኳት።

"ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል።"

"እንግዲያው አውቀውሻል ማለት ነው። ራሳቸውንም።"

"እንድታውቀኝ እኮ ነው" አለች። "ሰው ሁሉ ሲጠላት ትስማ ብዬ ነው።"

አዘንኩላት፤ ተናደድኩባትም። እናቴን ካጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አንዲት ሳሏን የሚያሰማኝ ባገኝ ይህን ሁሉ ማሽን በሰጠሁ ነበር። ግን ለሰው ሐዘን አለቃ አይኮንም። ዝናቡ ሲያባራ ተነስተን ሥራ ጀመርን።

አሠራራችንን ካላወቃችሁ ቀጥሎ የሆነው አይገባችሁም። አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ከራሱ ጋር ሲነጋገር፣ መጀመሪያ የአንደኛውን ቃል ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንቀዳለን፤ የሌላውን ቦታ ባዶ እንተወዋለን። ከዚያ ተመልሰን ባዶውን እንሞላለን። እንዳይምታታባት ሹክሹክታ ወረቀቷ ላይ የልጅቷን በሰማያዊ፣ የሴትዮዋን በቀይ ታሰምራለች። ሠላሳ አንደኛው ክፍል ላይ ባለፋኖሷ ለመጀመሪያ ጊዜ "ለምን አትከፍችም?" ብላ ትጠይቃለች። ሰማያዊውን ጨርሰን ወደ ቀዩ ተመለስን። ሹክሹክታ "እህም" አለች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

"በሩን የዘጋሁት ስለጠላኋቸው አይደለም" አለች። "ከከፈትኩት በኋላ የምለው ስላጣሁ ነው።"

ቃሉ ቀይ ነው፤ ድምፁ ግን የሰማያዊው ነበር። የልጅቷ ድምፅ፣ የራሷ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እሷ አላወቀችውም፣ ወደሚቀጥለው መስመር አልፋለች። እኔ ግን ሰምቻለሁ። ጣቴ ማቆሚያው ላይ ነበር። በሥራዬ እንዲህ ያለ ስህተት አሳልፌ አላውቅም፤ የማንም ሳል፣ የማንም ወንበር አያመልጠኝም። ጣቴን አነሳሁት።

ያ ክፍል ከሁለት ሳምንት በኋላ ታየ። በማግሥቱ ሹክሹክታ አመድ መስላ መጣች።

"ለምን አላስቆምከኝም?"

"አልሰማሁም።"

"አንተ? ትንኝ ስትስል የምትሰማው ሰውዬ?"

ደግነቱ ፍራሽ ሻጩ ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ ገላገለኝ። "አላልኳችሁም!" ይላል እያለከለከ፤ ምንም ብሎን አያውቅም። "ቁልፍ ያዥዋና ባለፋኖሷ አንድ ሰው ናቸው! ልጅቷ ናት አድጋ ሴትዮዋን የምትሆነው!" ከተማው በዚህ ለሁለት ተከፈለ፤ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ተከራከሩበት። ያሠሩን ሰዎች ይቆጡናል ብዬ ስጠብቅ "ምስጢሩን በድምፅ መጠቆማችሁ ድንቅ ነው" ብለው ደወሉ። ሹክሹክታ ግን አልሳቀችም። ድምፅዋን ማን እንደሰማው እያሰበች ነበር።

በአራተኛው ቀን የመጨረሻውን ክፍል ስንቀዳ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። አንድ ደረጃ ወጥቶ የሚያርፍ፣ አንድ ደረጃ ወጥቶ የሚያርፍ ኮቴ። ከዚያ ከበሩ ውጭ "እህም" የሚል መጣ።

ሠላሳ ምናምን ክፍል ሙሉ ስቀዳው የኖርኩትን ድምፅ ከሰው ጉሮሮ ስሰማው ፊልሙ ከስክሪኑ ወጥቶ የቆመ መሰለኝ። ከፈትኩ። አጠር ያሉ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሱ ሴት ናቸው።

"ፊልሙ ሲያልቅ የሚጻፈውን አድራሻ ጎረቤቴን አስነብቤ ነው የመጣሁት" አሉ። "ቁልፍ ያዥዋ እዚህ ናት?"

"እዚህ ናት፣ እናቴ። ይግቡ።"

ሹክሹክታ ከመስታወቱ ወዲያ በካልሲዋ እንደቆመች አየቻቸው። ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ፤ ሲወድቅ በማዳመጫዬ ሰማሁት። እናቷ ወደ መስታወቱ ተጠግተው አዩዋት።

"ትሰማኛለች?"

"ይህችን ቁልፍ ካልተጫንኩ አትሰማም።"

"እንግዲያው ተጫነዋ፣ ልጄ።"

ተጫንኩ፤ የእሷም ድምፅ ለእናቷ እንዲሰማ ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩ።

"እህም" አሉ እናቷ። "ስትሰድቢኝ ከረምሽ። ጎረቤቶቼ 'ይህችን ሴትዮ እግዜር ይንቀላት' ሲሉ እኔም አብሬ 'ይንቀላት' እላለሁ። ማን እንደሆነች አላጣኋትም እኮ! ከዚያ ባለፈው በሴትዮዋ አፍ የገዛ ድምፅሽን ሰማሁ።"

"እማዬ..."

"ቆይ፣ ልጨርስ። ነገ ይሻለዋል ብዬ ነው። ፈተናዋን ትጨርስ፣ ነገ ይሻለዋል። በየቀኑ ነገ፣ ነገ። ካረፈ በኋላ ደግሞ ስልኩን አነሳሁ፤ የምለው አጣሁና ዘጋሁት። አራት ቀን ሙሉ ሳነሳ ስዘጋ ነበር። አጥፍቻለሁ፣ ልጄ።"

ሹክሹክታ ግንባሯን ስፖንጁ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። ማይኩ ክፍት ስለነበር ልቅሶው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ማዳመጫዬን ማውለቅ ነበረብኝ፤ አላወለቅኩም።

"ጠርቶኝ ነበር?" አለች።

"በየቀኑ! 'ሬዲዮዬ ምነው ዝም አለች?' ይላል። እዚያ ጥግ ያለውን ሬዲዮ ብከፍትለት 'ይሄን አይደለም፣ ያቺን' ይላል።"

ከመስታወቱ ወዲያ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር ወጣ። እናቷም ዓይናቸውን በሹራባቸው እጅጌ ጠረጉ።

"እህም። እስቲ ድገሚው" አሉ።

ሹክሹክታ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ቀጥ ብላ ቆመች። "እህም። ልጄን አሟታል፤ ዛሬ አትመጣም።"

እንዲያ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ የድምፅ መጠን የምታሳየው የማሽኔ መርፌ ቀይ ውስጥ ገብታ ቀረች።

የቀረችን አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። በመጨረሻው ክፍል የልጅቷ ፋኖስ ይጠፋና ብቻዋን በሩ ላይ ትደርሳለች፤ ሴትዮዋ ቁልፏን ከወገቧ ትፈታና "ግቢ" ትላታለች። ሹክሹክታ ወጥታ እናቷን በእጃቸው ይዛ ማይኩ ፊት አቆመቻቸው። ጫማቸውን አስወለቀቻቸው። ራሳቸው የሠሩትን ወፍራም ካልሲ አድርገዋል። በመንገዱ ላይ ከባድ መኪና እያለፈ ስለነበር እስኪርቅ ሦስታችንም ዝም ብለን ጠበቅን። ስክሪኑ ላይ ልጅቷ በጨለመ ፋኖስ ቆማለች፤ በሩ መከፈት ጀመረ። እጄን አነሳሁ።

"እህም" አሉ እናቷ። "ግቢ፣ ልጄ።"

"ልጄ" የምትለው ቃል ወረቀቱ ላይ የለችም። የሴትዮዋ ከንፈርም ከዚያ በፊት ተገጥሟል፤ ቃሏ የወደቀችው በተዘጋ አፍ ላይ ነው። ሹክሹክታ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

"ይሄንንም አልሰማህም፣ አይደል?" አለችኝ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

"አልሰማሁም" አልኳት።