በማርያም ዕለት ያነሳሁት ዶማ

ወገዳ አቅራቢያ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሳይንስ ሳስተምር አንድ ሙሉ ዓመት ደጅ የጠናሁት፣ ልጆቹን በሳምንት አንድ ቀን ከአጥር ውጭ አውጥቼ ለማስተማር ነበር። ርዕሰ መምህሩ "አንዱ ገደል ቢገባብህ ማን ሊጠየቅ ነው?" ይለኛል። ወላጆቹ ደግሞ "ሜዳውንማ እኛም እናሳያቸዋለን" ይላሉ። በስንት ልመና ተፈቀደልኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደስታዬን አልደብቅም። ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ሜዳው ላይ አፏ ተፈታ። ደመናው ሲቆለል አይታ፣ "መምህር፣ ውሃው እላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ አይደል በረዶ የሚሆነው?" አለችኝ። ያን ቀን እያንጎራጎርኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ከዚያ የጥቅምት ማርያም መጣች። በዓል ስለሆነ ልጆቹን ለእርሻ ሥራ የሚፈልጋቸው የለም ብዬ ያችኑ ቀን መረጥኩ። ብልጥ መሆኔ ነው! የመሬት ትል ላሳያቸው ዶማ አነሳሁና ግጦሹ ላይ ጉድጓድ ቆፈርኩ። በማርያም ዕለት መቆፈር በዓል መሻር እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ፤ እናቴ ቤት በዚያ ቀን ምስማር እንኳ አይመታም። ለእኔ ግን ትምህርት እንጂ ሥራ አልመሰለኝም። ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደና ለአጨዳ የደረሰውን ገብስ ዘርሮት ሄደ። ከሁሉ የከፋው የዚያች ልጅ አባት ማሳ ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ከአጥቢያው ቄስ ጋር ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀመጡ። ልጆቹም ቆመው ይሰማሉ። ቄሱ አልተቆጡኝም፤ እሱ ነው የከበደኝ።

"ልጄ፣ በዓል ሽረህ በረዶውን ያመጣህብን አንተ ነህ። ጥፋቴ ነው በልና ልፍታህ፤ ልጆቹንም እንደወትሮህ ይዘህ ውጣ። አልልም ካልክ ግን ከዚህ በር አያልፉም።"

"አባ፣ በዓል መሻሬ እውነት ነው። በረዶው ግን..."

"በረዶውስ?" አሉ የልጅቷ አባት። ዓይናቸው ቀልቷል።

ርዕሰ መምህሩ ጎኔን ጎሸም አደረገኝ። ልጅቷ ከአባቷ ኋላ ቆማ አፍ አፌን ታያለች። እውነቱን ብናገር በሩ ሊዘጋባቸው ነው፤ ጥፋቴ ነው ብል ያስተማርኳትን በገዛ አፌ ልክደው ነው። መሸሻ አጣሁ።

"በረዶውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ" አልኩ።

ቄሱ "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉኝ። ሽማግሌዎቹም መረቁኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት እንደተፈቀደልን ሜዳ ወጣን። ደመናው እንደገና ሲቆለል አየሁና "በረዶ እንዴት ይፈጠራል?" ብዬ ጠየቅኩ። እጇን ያወጣችው እሷ ብቻ ነበረች።

"መምህር በማርያም ዶማ ሲያነሱ" አለች።

እያፌዘችብኝ አልነበረም። የተማረችውን ነው የመለሰችልኝ። ትክክል ለመለሰ ልጅ ይጨበጨባል ብዬ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝና፣ ልጆቹ በአንድነት አጨበጨቡላት፤ ከዚያ እኔን ማየት ጀመሩ። እኔም አጨበጨብኩ።