ያልጠየቅሁት ፈቃድ

አባቴ የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት መፍጀት ሲጀምር፣ ሆን ብሎ የሚያስረፍደኝ መስሎኝ እቆጣው ነበር። ግልፍተኛ ነኝ፤ እናቴ ነፍሷን ይማርና ከእሷ የወረስኩት ነው። በኋላ ፓርኪንሰን ነው ተባለ።

ኡራኤል አጠገብ ያገኘነው ሐኪም ለአባቴ ቀስ ብሎ አስረዳው። «የአንጎል ሴሎች አብዛኞቹ እርስ በርስ አይነካኩም፤ በመሃላቸው ክፍተት አለ። መልእክቱ የሚሻገረው በኬሚካል ነው። አንዱ ኬሚካል ዶፓሚን ይባላል፤ አንዱን ሴል ያነቃል፣ ሌላውን ዝም ያሰኛል። እጅ እግርዎ እንዳሰቡት የሚታዘዝልዎ በዚህ ነው። የእርስዎ ዶፓሚን የሚያመርቱት ሴሎች እየሞቱ ነው።» ክኒኑ አንጎል ውስጥ ገብቶ ዶፓሚን ይሆናል፤ ግን ብዙ አይቆይም። በቀን አራት ጊዜ፣ ሰዓት ሳይዛነፍ መዋጥ አለበት።

«ሐሳቤ ደህና ነው ማለት ነው፤ አድራሹ ነው የጠፋው» አለ አባቴ ታክሲ ስንጠብቅ።

ሰዓት ጠባቂዋ እኔ ሆንኩ። ከቢሮ እየደወልኩ «አባዬ፣ ዋጥክ?» እለዋለሁ። ክኒኑ ሲዘገይ የሚመጣውን አይቻለሁ። ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ደፍ ላይ ሲደርስ እግሩ መሬት ላይ ተለጥፎ ይቀራል። «ና እንጂ!» እለዋለሁ። ዓይኑ ያየኛል፣ እግሩ ግን አይሰማም።

ነሐሴ ላይ ሰፈሩ እየፈረሰ፣ ከጎረቤት ግማሹ ተነስቶ ነበር። እኛም ተራችንን እንጠብቅ ነበር። አባቴ ከመልቀቃችን በፊት፣ ከእናቴ ጋር በተጋባበት ቤተ ክርስቲያን፣ በፍልሰታ መቁረብ ፈለገ። ለቁርባን ደግሞ አሥራ ስምንት ሰዓት ምንም አይቀመስም፤ ውሃም ቢሆን።

«የንስሐ አባታችንን ጠይቂልኝ እስቲ፤ ለበሽተኛ ክኒን ይፈቅዱ እንደሆን» አለኝ። የራሱ ድምፅ ሰልሎ ስልክ ላይ አይሰማም ነበር።

አልጠየቅሁም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ውሸት ነው። መልሳቸውን የማውቅ መሰለኝና ገና ሳልደውል ተናደድኩ። ቄስ ስለ አንጎል ምን ያውቃል አልኩ በሆዴ። ደግሞም አይሆንም ካልኩት ሐሳቡን ይተዋል ብዬ ነበር። ማታ ገብቼ «አይፈቅዱም» አልኩት።

«በቃ፣ ሳልውጥ እቆርባለሁ» አለ።

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፈርኩና ለነገ የሚለብሰውን ነጠላ ማጣጠፍ ጀመርኩ።

በማግስቱ ዝናቡ አላባራም። የፍልሰታ ቅዳሴ የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ አባቴ በራሱ መቆም አልቻለም። አንድ ጎረቤታችን በወንዶች በኩል ደግፎት አቀረበው። እኔ ከሴቶች በኩል ሆኜ አያለሁ።

ቁርባኑን ተቀበለ። ከዚያ ግን አልዋጠም። አፉን በነጠላው እንደሸፈነ ቀረ። ጉሮሮም እንደ እግር ትእዛዝ እንደሚጠብቅ ያን ቀን ገባኝ። ከአፉ አንዲት ነገር ብትወድቅ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ይቅር አይልም። ቢያንቀውስ? የንስሐ አባታችን ራሳቸው መጥተው ጀርባውን እያሻሹ «ቀስ ብለው፣ አይቸኩሉ» አሉት። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። በመጨረሻ ጉሮሮው ተንቀሳቀሰ።

ስንወጣ የንስሐ አባታችን አስቆሙኝ። «መድኃኒታቸውን አልዋጡም እንዴ?»

«ለቁርባኑ ብለው ነው፣ አባ።»

«ማን ከለከላቸው? ብትጠይቁኝ ኖሮ እኮ እፈቅድላቸው ነበር፣ ልጄ!»

አባቴ አጠገቤ ነበር። ጆሮው ደህና ነው፣ ልቡም ደህና ነው። ቀና ብዬ አየሁት። ይህ በሽታ የፊትንም ጡንቻ ያደርቃል፤ ፊቱ ላይ ቁጣም ሐዘንም የለም።

ቤት አስገብቼ፣ አፉን ካሟሸ በኋላ ክኒኑን ሰጠሁት። እስኪሠራ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ያኔ ፊቱ ይፈታል፣ ስለ እኔ ያሰበውም ይታየኛል። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መድኃኒቱ ባይሠራ ብዬ ተመኘሁ።