የእመቤቲቱ የወረቀት አንገትጌ

ባለፈው ሰሞን ሲያትል አጠገብ ሬድመንድ በምሠራበት ቢሮ፣ ቡና ላፈላ ብዬ አዲስ የማጥለያ ወረቀት እሽግ ቀደድኩ። ያ ሽታ መጣ። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ አቧራ አቧራ የሚል የወረቀት ሽታ። ወዲያው አንገቴን አሳከከኝ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ቡናውን ትቼ አንገቴን እያከክሁ ቆምኩ።

የቡና ማጥለያ ወረቀት አንገት እንደሚያሳክክ የሚያውቅ ሰው ብዙ አይመስለኝም። እኔ አውቃለሁ፤ በአሥራ ስድስት ዓመቴ የፈረንሳይ እመቤት ነበርኩ።

ሲያትል ውስጥ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር አጠገብ በምማርበት ትምህርት ቤት አንድ የታሪክ አስተማሪ ነበረን። ስለ ካቶሊኮችና ስለ ሁጉኖቶች ጦርነት ራሱ የጻፈውን ድራማ ካልሠራችሁ አለን። ሁጉኖት ማለት ያን ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ የነበሩት ፕሮቴስታንቶች ናቸው። የድራማው ቤተሰብ መሳፍንት ነው። አባትየው ሞቷል፤ እናትየው ከሁለት ልጆቿ ጋር ትልቅ ግንብ ውስጥ ትኖራለች። ታላቁ ካቶሊክ፣ ታናሹ ሁጉኖት። ካቶሊኩን የሠራው አንድ ሱማሌ ልጅ ነበር፤ ሁጉኖቱን አንድ ቬትናማዊ፤ እናታቸው እኔ፣ የደሴዋ ልጅ። አስተማሪያችን በዚህ በጣም ይኮራ ነበር። ምን እንዳኮራው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እነዚያን መሳፍንት እንደናቅኋቸው ሰው ንቄ አላውቅም። አርባ ክፍል ያለው ግንብ ለሁለት ወንድማማቾች የማይበቃቸው! ፈረስ፣ አሽከር፣ የወይን ጠጅ፣ ሁሉ ሞልቶላቸው፣ ጸሎት እንዴት ይደረግ ብለው ሲተራረዱ የሚውሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እነሱን ነው። ከሁሉ የናቅኩት ግን የማዕዱን ትዕይንት ነበር። እናትየው ዳቦ ቆርሳ ለታናሹ ልጇ ትሰጠዋለች። እሱ፣ ካቶሊኮቹ መርዘውት ይሆናል ብሎ፣ ከመጉረሱ በፊት ለሁለት ከፍሎ ውስጡን ያያል። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «ከእናትህ እጅ?» እላለሁ። በቃ፣ ትልቁ ንግግሬ ይኸው ነበር።

ቃሉን ያስጠናችኝ አክስቴ ናት። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናቴን እንደ ልጅ አሳድጋታለች። ገና በወጣትነቷ እስላም አግብታ ሰለመች፤ ወንድ ልጅም ወለደች። እናቴ ክርስቲያን ሆና ቀረች። ይህ እኛ አገር ወሬም አይሆን። ሲያትል ከመጣን በኋላ ማውንት ቤከር ሰፈር አንድ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ሥጋ የሚሠራባቸው ሁለት ድስቶች ነበሩን፤ የአክስቴ ድስት ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ አይቀላቀልም፤ ሽሮውና ምስሩ የጋራ ነው። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ክፉ ቃል ሲወጣ አልሰማሁም። አንዷ የሌላዋን ሥርዓት ትጠብቅ ነበር። እናቴ ሥራ ውላ ደክሟት ስትመጣ አክስቴ ወጥ ታቀርብላታለች፤ እናቴም ከየትኛው ድስት እንደወጣ ሳትጠይቅ ትበላለች። መጠየቅ ነውር ነበር። የእኛ ቤት ሃይማኖት፣ ብትጠይቀኝ፣ ያ አለመጠየቅ ነበር።

አክስቴ አንገትጌዬንም ሠራችልኝ። አስተማሪው የመሳፍንቱን ሥዕል ሰጥቶን ነበር፤ አንገታቸው ዙሪያ ያ የተጨማደደ ነጭ ነገር። አክስቴ ሥዕሉን አየችና፣ «ይሄ እኮ የቡና ወረቀት ነው» ብላ ሁለት እሽግ ማጥለያ በመርፌና በክር ሰፋችው። እየሰፋች ቃሌን ታስጠናኛለች።

«እና ልጁ ዳቦውን ከፍቶ ያያል?»

«አዎ።»

«የናቱን?»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«ወላሂ ውርደት ነው!» መርፌውን ከአፏ አወጣች። «እንዲህ አይባልም። ቀስ በይ። ጮክ አትበይ። የተዋረደች እናት አትጮህም።»

ሁለታችንም እነዚያን ፈረንሳዮች እስኪበቃን ሰደብናቸው። ያን ያህል ስቀን አናውቅም።

ድራማው የታየው ዓርብ ከትምህርት በኋላ ነበር። እናቴ በዚያ ዓመት አዲስ ከገባችበት የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ሦስት ሴቶች ይዛ መጣች። ወይ እነዚያ ሴቶች! የአንገታቸው መስቀል ከፊታቸው ቀድሞ በር የሚገባ። እናቴ እነሱ ፊት ስትሆን ድምፅዋ ይቀጥናል፤ ያንንም እንቅ ነበር። አክስቴ ሻርፗን ተከናንባ ከኋላ ረድፍ ተቀመጠች። ቬትናማዊው ዳቦውን ሲከፍት፣ ቀስ ብዬ፣ ሳልጮህ፣ «ከእናትህ እጅ?» አልኩ። ከኋላ አክስቴ ስትንፈቀፈቅ ሰማሁ።

ከዚያ ወላጆች ያመጡት ምግብ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። አክስቴ በፎይል የተሸፈነ ትሪ ሙሉ ሳምቡሳ አምጥታ ነበር። ገና አንገትጌዬን ሳላወልቅ፣ የዱቄትና የዘይት ሽታዋን ይዛ መጣችና አንዱን እጄ ላይ አደረገችልኝ። «ብዪ፣ የኔ እመቤት።» ትኩስ ነበር።

ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ አጠገቤ ቆማለች። «የማን ሥጋ ነው?» አለችኝ፣ አክስቴ እንድትሰማ አድርጋ። እሷ የያዘችው ሳህን ላይ፣ ይቅር ይበለኝና፣ የዶሮ ክንፍ ነበር። ከሱፐርማርኬት የመጣ፣ ማን እንዳረደው የማይታወቅ የፈረንጅ ዶሮ። በዓርብ!

እናቴ ጫማዋን አየች። እኔ ምን አደረግሁ መሰለህ? «የአክስቴ ነው» ብዬ መጉረስ እችል ነበር። ሳምቡሳውን ለሁለት ከፍዬ ውስጡን አየሁ።

ምስር ነበር። ምስርና ቃሪያ። ዓርብ ጾም መሆኑን እኛ ክርስቲያኖቹ ረስተን፣ አክስቴ አስታውሳ የጾም ሠርታልናለች።

ቀና ስል አክስቴ እጄን እያየች ነበር። «ምስር ነው ልጄ» አለች። አልጮኸችም። ትሪውን መልሳ በፎይል ሸፈነችው፤ ፎይሉ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል፣ አሁንም። ሴትዮዋ፣ «ኦኬ፣ የጾም ከሆነማ» ብላ እጇን ሰደደች። ያንን እጅ እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ። ግን ልዋሽህ አልችልም፤ የእሷ እጅ ምንም አልከፈተም። የከፈተው የእኔ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ፈረንሳዮችን ስሰድብ ከርሜ፣ አንገቴ ላይ አክስቴ የሰፋችውን ወረቀት አድርጌ።

አልተጣላንም። መጣላት ይሻል ነበር። በወሩ መጨረሻ አክስቴ፣ «ወንዱ ልጄ ኬንት ከተማ አፓርትመንት አግኝቷል፣ ለሥራው ይቀርበዋል፣ እኔም እሱ ዘንድ ልሁን» አለች። እናቴ፣ «እንዴ እትዬ፣ ምን አደረግንሽ?» ብላ አለቀሰች። አክስቴ፣ «ምን አደረጋችሁኝ? ምንም» አለቻት። ባለቀይ ክሩን ድስት ፎጣ ውስጥ ጠቅልላ ወሰደችው። ከዚያ ወዲያ ቤታችን አንድ የሥጋ ድስት ብቻ ቀረ። እናቴ አልፎ አልፎ የመደርደሪያውን በር ከፍታ ታየው ነበር።

ከማኅበሩ ሴቶች ጋርም አልቆየችም። በሁለት ዓመት ውስጥ እርስ በርሳቸው ተጣልተው ተበታተኑ። በምን እንደተጣሉ ሰምቼ ነበር፤ ለመናገርም አይበቃም።

አክስቴ አሁን አርጅታለች። ጉልበቷ ያማታል፤ እጇ ግን እንደ ድሮው ነው። በየወሩ አንድ እሑድ ኬንት እሄዳለሁ። ገና በር ላይ የሳምቡሳው ሽታ ይቀበለኛል። ሁልጊዜ ሁለት ሳህን ነው የሚቀርበው፤ አንዱ ለእነሱ ሥጋ፣ አንዱ ለእኔ ምስር። ጾም ይሁን ፍስክ፣ የኔ ምስር ነው። ሁሉን እንደምበላ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ።

ባለፈው እሑድ የማጥለያው ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሎ፣ «አክስቴ፣ ዛሬ ከዚያኛው ስጪኝ» አልኳት። «ከየትኛውም ስጪኝ። ካንቺ እጅ ከሆነ አላይም።»

ጉንጬን ነካችኝ። «አብሽሪ ልጄ» አለች፣ «ምን ቸገረኝ፣ ያንቺን ለብቻ ሠርቼልሻለሁ።»

ከእኔ ሳህን አንድ ሳምቡሳ አነሳች። እንደ ሁልጊዜው፣ ራሷ ለሁለት ከፍላ፣ ውስጡን በደንብ አሳይታኝ ሰጠችኝ።