ያልተቀመጠው ሽማግሌ

ጽገረዳ ዋስ የሆነችው በይሉኝታ ነው። ካዛንቺስ በነበሩ ጊዜ የግቢ ጎረቤቷ ቀለመወርቅ ሱቅ ሊከፍት ብድር ሲጠይቅ አበዳሪዎቹ «ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ» አሉት። እሷ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች፤ እሱ ደግሞ እናቷ የሞቱ ለት ድንኳን ሲተክል ያደረ ሰው ነው። በየት አፏ እምቢ ትበለው? ፈረመች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ሰውየው ጥቂት ወራት ከፍሎ ስልኩን ቀየረ፣ ቤቱን ለቀቀ፣ ጠፋ። አበዳሪው ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም የዋሷ ደመወዝ ሲሶ በየወሩ እየተቆረጠ እዳው እንዲከፈል ለመሥሪያ ቤቷ ትእዛዝ ላከ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። ቢሮ ውስጥ «ድሮ ሲሶው ለነጋሽ ነበር፣ የኔ ለቀለመወርቅ ነው» እያለች ታስቃቸዋለች። ማታ ግን ለታክሲ የሚሰጠውን ለነገ አስቀርታ በእግሯ ወደ ቤቷ ስታዘግም ሳቁ የለም። በተረፋት ደመወዝ የሟች እህቷን ልጅ ሲምረትን አሳደገች፣ አስተማረች። ከገንዘቡ ይበልጥ የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነበር። ይኼ ሰው አንድ ቀን እንኳ ደውሎ «ጽጌ፣ በደልኩሽ» አላላትም።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ጽገረዳ መስቀል ፍላወር ጀርባ ቤት ተከራየች። ሲምረትም አድጋ ቴዎ ከሚባል ልጅ ጋር ተዋደደች፤ አንድ እሁድም የልጁ ሽማግሌዎች መጡ። በሩን የከፈተላቸው የጽገረዳ ወንድም አርአያ ነው። ፊት የቆሙት የልጁ አባት ወዳጅ አቶ ጉተማ፣ ቀጥሎ የንስሐ አባታቸው ቄስ፣ ከኋላ የቴዎ አክስት ባል። እሱም ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ቀለመወርቅ ራሱ።

የማን ቤት እንደሚሄድ አላወቀም ነበር። ከጓዳ ብቅ ያለችውን ጽገረዳን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶም ደፋው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ጉተማ፤ ወጉ ነውና።

ሲምረት አክስቷን ወደ ጓዳ ሳበቻት። «እቴትዬ፣ ምን ሆነሻል? ማለቴ፣ ሰውየውን ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«የደመወዜ ሲሶ እሱ ነው።»

ልጅቱ ስሙን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። «በቃ፣ ሰርጌ ቀረ በይኛ» አለች፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ።

ያ የድሮ ይሉኝታ ጽገረዳ ላይ ተመልሶ መጣባት። አሁንም ብትውጠውስ? ለልጅቱ ሲባል። ያኔም የፈረመችው እኮ ለሰው ሲባል ነው! ይኼን ስታስብ ተናደደች፣ ንዴቱም ደግ አደረገላት። «ያንቺም አይቀርም፣ የኔም አይቀርም» ብላ ወጣች።

ወጉ ሽማግሌን በቀጠሮ መመለስ ነው። እሷ ግን ልጅቱን መያዣ አደረገቻት እንዳይባል ቀጠሮ አላስፈለጋትም። «አቶ ጉተማ፣ አባታችን፣ ልጁን እናውቀዋለን፣ ወድደነዋል። ሰጥተናል፣ ተቀመጡ።»

ሦስቱም ወደ ሶፋው ተንቀሳቀሱ።

«ቀለመወርቅ፣ አንተ ቁም። የነሱ ጉዳይ አለቀ። የኔና ያንተ ገና አልተሰማም።»

ነገሩን ከሥሩ ነገረቻቸው፤ ድምጿን አላነሳችም። ቀለመወርቅ አንዴ አርአያን፣ አንዴ ምንጣፉን እያየ «ጽጌ፣ ይኼ የደስታ ቤት ነው፣ ለብቻችን እናውራ» አላት።

«ለብቻዬማ ስከፍል ኖሬያለሁ» አለችው።

«እውነት ነው ወይ?» አሉ ቄሱ።

«ሱቁ ከሥሮብኝ ነው እንጂ አባ...»

«ደምበል ሕንፃ ላይ ያለውስ ሱቅ?» አሉ አቶ ጉተማ። «ስትኩራራበት የከረምከው?»

ቀለመወርቅ ባርኔጣውን ወደ ቅንድቡ ሳበው። አቶ ጉተማ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ፈረዱ። «ሦስት ሆነን መጥተናል፣ የሰርጉን ቀን ለመቁረጥም ሦስት ሆነን እንመለሳለን። ይኼን ጨርሰህ ካልመጣህ ከሙሽራው ወገን አልቆጥርህም።» ከዚያ ምግብ ቀረበ። ሁለቱ ተቀምጠው በሉ፤ ቀለመወርቅ የለስላሳ ጠርሙስ ይዞ እንደ ዘበኛ በሩ አጠገብ ቆመ። አርአያ ሳቁን ለመደበቅ ሦስቴ ወደ ጓዳ ገባ።

መጥፋቱንማ ያውቅበታል። አሁን ግን ሚስቱም፣ ወንድሟ የሙሽራው አባትም፣ ሙሽራውም ነገሩን ሰምተዋል፤ ወዴት ይጥፋ? ብዙም ሳይቆይ የመሥሪያ ቤቷ ሂሳብ ክፍል ጽገረዳን ጠራት። ቀሪው እዳ በተበዳሪው ተከፍሎ አልቋል፣ ቆረጣው ይቁም የሚል ደብዳቤ ደርሷቸዋል። የመዝገብ ቤት ጓደኞቿ ጮቤ ረገጡ፤ አንዷም «እንግዲህ ነጋሽዋ አንቺ ነሽ» አለቻት። በወሩ መጨረሻ ደመወዟ ሳይሸራረፍ ገባ። ጽገረዳ የዚያን ቀን ታክሲ ተሳፈረች፤ ያውም ከጋቢና።

ሽማግሌዎቹ ቀን ሊቆርጡ ሲመለሱ ሁለቱ ገብተው ተቀመጡ። ቀለመወርቅ ማንም ሳያዘው በሩ አጠገብ ቆመ። ከእሷ የተቆረጠውን በሙሉ በቼክ ጽፎ አምጥቷል፤ በሁለት እጁ ሰጣት። ጽገረዳ ቼኩን ተቀብላ ሳታየው ለአርአያ አሳለፈችው። ዓይኗ ሰውየው ላይ ነው፣ የምትጠብቀው ሌላ ነው።

«ጽጌ» አለ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «በደልኩሽ።»

ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። ደረቷ ውስጥ የነበረው ድንጋይ ሲወርድ ታወቃት። ወንበር በገዛ እጇ ሳበችለት።

«አሁን ተቀመጥ» አለችው፤ እልልታውንም ራሷ ጀመረችው።